አሬታኬ እምቢ ያለ ዕለት

በታቢቴዌያ ደሴት ሰው ሰውን አያዝም። አለቃ የሚባል ነገር አባቶቻችን አልወደዱም። በማኔያባው፣ በትልቁ የመንደር አዳራሽ፣ ሁሉም ሰሌን ላይ ይቀመጣል፤ ከሌላው ከፍ ብሎ የሚታይ ራስ የለም። ከዋናው ደሴት የመጣ ሹም «አድርጉ!» ሲል የሰማ ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ካለቀ በኋላም አያደርገውም። ይህ ትዕዛዝ የማይገባው ሕዝብ ግን ዘመዱ መጥቶ «ቡቡቲ» ሲለው እጁ ይፈታል። ቡቡቲ የዘመድ ልመና ነው። መረብህን ይሁን ብስክሌትህን፣ ገና ያልለበስኸውን ሸሚዝ እንኳ ቢሆን፣ የለመነህን ትሰጣለህ። እምቢ ያለ ሰው ንብረቱ ይተርፈዋል፤ ሰው የሚያይበት ፊት ግን አይተርፈውም።

አሬታኬ በዚህ ሕግ ያደገ የአባኢቲ መንደር ሰው ነበር። ሥራው ካረዌ መቁረጥ ነው። ጠዋትና ማታ ኮኮነት ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ያልፈነዳውን የአበባ ጥቅል ጫፉን በስለት ይከረክማል፤ ለሚንጠባጠበው ጣፋጭ ውሃ፣ ለካረዌው፣ ባዶ ጠርሙስ ያስርበትና የሞላውን ይዞ ይወርዳል። ካረዌ ቆራጭ ዛፍ ላይ ሳለ መዝፈን አለበት፤ ከታች የሚታጠቡ ሴቶች ከላይ ሰው እንዳለ እንዲያውቁ ነው። የአሬታኬ ድምፅ ደግሞ እስከ ውጭው ባሕር ይሰማ ነበር።

«ዓሣውን አስደነገጥህብን እኮ!» ይሉታል አጥማጆቹ።

«የሚደነግጥ ዓሣ ይዛችሁ ስትመጡ ያኔ ዝም እላለሁ!» ይላል ከላይ ሆኖ።

አንድ ማንም የማያውቀው ነገር ግን ነበረበት። ታናሽ ወንድሙ ኪያቶዋ ከዛፍ ወድቆ ከሞተ ወዲህ አሬታኬ ከፍታ ይፈራል። ግንዱን ባቀፈ ቁጥር ጉልበቱ ይከዳዋል። ድምፁን ያን ያህል ከፍ የሚያደርገውም ፍርሃቱን እንዳይሰማው ነው። ይህን ለሚስቱ ለተካሪታ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ተካሪታ ሰሌን በመሥራት የታወቀች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ባልና ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ጎረቤት ጭቅጭቃቸውን እንደ ሬዲዮ ይሰማል። ትልቁ ማዕበል የመጣ ዓመት የባሕሩ ውሃ መሬቱን ተሻግሮ አያቷ የቆፈሩት፣ ጎደሬ የሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አያቷ ያን ጉድጓድ በድንጋዩ ውስጥ ሲፈለፍሉ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ጨው የገባበት ጎደሬ መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ተኛ። ተካሪታ ሬሳ እንደምትጠብቅ ሴት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ሩዝ አለ» ይላት ጀመር። አሬታኬም ያንኑ አላት። ሩዝ ጎደሬ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን ሌላ የሚለው አጣ።

ባውሮ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

በጭነት ጀልባ መጣ፤ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዟል። ብዙ ዘመን በባዕድ መርከብ ላይ የሠራ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ በማኔያባው «የማን ነህ?» ብለው ጠየቁት። ቆሞ የዘር ሐረጉን ቆጠረ፤ አንድም ስም አልሳተም። የአያቱ እናት የአሬታኬ ቅድመ አያት እኅት ሆና ተገኘች። ሐረጉ እውነት ነበር፤ በዚህ ነገር ማንም አላታለለም። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የአሬታኬ ወንድም ሆነ፤ በማኔያባው እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ምሰሶ አለው፤ እሱም በአሬታኬ ቤተሰብ ምሰሶ ሥር አብሮት ተቀመጠ።

መጀመሪያ የለመነው መንጠቆ ነበር። አሬታኬ ሰጠው። ባውሮ መንጠቆዋን በሁለት እጁ ተቀብሎ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ አመሰገነ። አሬታኬ በሕይወቱ እንደዚያ ተመስግኖ አያውቅም። በማግሥቱ ባውሮ ወደ ተካሪታ ጉድጓድ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። «አይዞሽ» አላላትም። ስለ አያቷ ጠየቃት፤ እሷም ተናገረች። ከዚያ፣ «ጉድጓዱ አልሞተም እኅቴ፤ ባሕሩ አንቺን ሊያናግር ነው የገባው» አላት። ሌሎች ሰዎች ይዞ መጥቶም የበሰበሰውን ጎደሬ አብሯት ለቀመላት። ጉድጓዱን ሲያጥቡ፣ ሲያቅፏት፣ ስሟን ሲጠሩ ዋሉ።

«ይሄ ሰው ከሰማይ ነው የመጣው» አለች ማታ ለባሏ።

«ከጭነት ጀልባ ሲወርድ አይቼዋለሁ» አላት አሬታኬ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ልመናው አላቋረጠም። እያንዳንዱ ልመና ካለፈው በአንድ ጣት ብቻ ይበልጥ ነበር። ቡቡቲ፣ ሰሌን ስጡኝ አለ፤ ሰጡት፤ እሱ በሚያድርበት ቤት ዙሪያ ሰቀለው። በእኛ ደሴት ቤት ግድግዳ የለውም፤ ነፋስም ዓይንም እንደ ልቡ ያልፍበታል። የባውሮ ቤት ግን በሰሌን ተሸፈነ። ቡቡቲ፣ እንቅልፋችሁን ስጡኝ አለ፤ አሬታኬ፣ ተካሪታና ሌሎች የመንደሩ ሰዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው በዝምታ ባሕሩን ማዳመጥ ጀመሩ፤ ስለዚህ አድማጮች ተባሉ። ቡቡቲ፣ ጭንቀታችሁን ስጡኝ፣ ለእኔ ብቻ ንገሩኝ አለ፤ ነገሩት። አሬታኬም በታንኳ ላይ ሁለቱ ብቻ ሳሉ የዛፉን ፍርሃት ነገረው።

«ይህን ለማንም አልነገርህም?» አለ ባውሮ።

«ለማንም።»

«ከእኔ ጋር ይኖራል፣ ወንድሜ። እንደ ድንጋይ ይሰምጣል።»

አሬታኬን ቀለለው። በማግሥቱ ዛፍ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ የከዳው ያን ያህል አልነበረም። ስለዚህም ባውሮ «ለጥቂት ቀን ዘፈንህን ስጠኝ፤ ባሕሩን ይሸፍንብናል» ሲለው ሰጠው። ዝም ብሎ እየወጣ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። አንድ ቀን ከዛፉ ሥር የምትታጠብ አንዲት አሮጊት ድንገት ቀና ብላ ስታየው እየጮኸች በድንጋይ አባረረችው፤ መንደሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀበት።

አድማጮቹ ግን አይስቁም ነበር። አሬታኬ መጀመሪያ ያስተዋለው ይህንን ነው። ቀጥሎ ያስተዋለው ሚስቱ መነታረክ መተዋን ነው። ዓሣው ቢያርር እሷ ይቅርታ የምትጠይቅ ሆነች። «እናትሽ ዘንድ አትሄጂም?» ሲላት «እናቴ ድምፅ ታበዛለች፤ ለጊዜው ጥሩ አይደለም» አለችው፤ ቃሉ የባውሮ ነበር፣ እስከ አተነፋፈሱ። መቼም ደግሞ ብቻዋን አትሆንም፤ ሌላ ሴት አብራት ትሄዳለች፣ አብራት ታጥባለች፣ ተካሪታ የተጠየቀችውን ያቺ ሴት ትመልሳለች።

አንድ ቀን ንጋት ላይ አሬታኬ ደክሞት ከዝምታው ጉባኤ ቀረ። በማግሥቱ ባውሮ በሰሌኑ ቤት ውስጥ በሁሉም ፊት አስቀመጠው።

«ወንድማችን ለምን እንደሚያፈገፍግ ታውቃላችሁ?» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ዛፍ ይፈራል። ካረዌ ቆራጭ ሆኖ ዛፍ ይፈራል። የሚዘፍነው እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ነው። ፍርሃት ያለበት ሰው ደግሞ ባሕሩ ሲጠራ ሌላውንም ያስቀራል። እርዱት።»

ሁሉም አንገታቸውን አቀርቅረው «እንረዳሃለን» አሉ። ተካሪታም አለች። አሬታኬ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ ላይ ያለው መገረም አልነበረም፤ ድካም ነበር። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። በዚያች ቅጽበት ሐፍረቱን ረስቶ አንድ ነገር ብቻ አሰበ፦ ይህች ሴት እንቅልፍ እስክትጠግብ የተኛችው መቼ ነው?

ተነሥቶ ወጣ። እሷ ግን አልተነሣችም፤ እዚያው ቤት ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አድማጮቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ወደ ባሕር ያዞራሉ።

የተካሪታ እናት ኔይ በሬቲ አንድ ቀን መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። አጭር፣ ጥርስ የሌላት፣ ትንባሆ ከአፏ የማይለይ አሮጊት ናት።

«አንተ ነህ ያመጣኸው» አለችው። «በምሰሶህ ሥር አስቀመጥኸው፤ መንጠቆህን ሰጠኸው።»

«ዘመድ ነው እማማ። ለመነኝ፤ ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔም ትንባሆዬን ሰጥቼዋለሁ!» አለችና ተናዳ ተፋች። «ትንባሆውን ደግሞ አያጨስም፤ ሌባ!»

አሬታኬ በየምሽቱ ዓሣ ይዞ ወደ ሰሌኑ ቤት ይሄዳል። ከሰሌኑ ሥር እጅ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቀን የተካሪታን እጅ ለየው፤ ሰሌን ስትፍቅ የቆረጠችው አውራ ጣት ነበር።

«ተካሪታ» አለ በዝግታ። «ትበያለሽ?»

«ትበላለች» አለ የሌላ ሴት ድምፅ ከውስጥ።

«ተኝተሻል?»

«ደኅና ናት። ወንድሜ፣ አታስጨንቃት።»

«እኔ የጠየቅሁት ሚስቴን ነው።»

ከዚያ የተካሪታ ድምፅ፣ ደረቅና እኩል ሆኖ፣ «ሰላም ነኝ። አንተም ሰላም ሁን» አለ። እጇ ግን ዓሣውን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ገባ።

በዚያው ሳምንት ወሬው መጣ። ባሕሩ ጠርቷል፤ አድማጮቹ በደቡብ ጫፍ ወዳለችው ባዶ ደሴት ሊሄዱ ነው። ያቺን ደሴት ሁላችንም እናውቃታለን፤ ወፍ ትፈለፍልባታለች እንጂ የሚጠጣ ውሃ የላትም። ባውሮ ምግብም ውሃም አያስፈልግም፣ ባሕሩ ይሰጣል ብሏል አሉ። ለመሄድ ግን የመንደሩ ሞተር ጀልባ ያስፈልገዋል፤ በማግሥቱ ማኔያባ መጥቶ ሊለምን ነው።

አሬታኬ ወደ ሽማግሌው ወደ ኪሬአታ ሮጠ። ኪሬአታ መረብ እየጠገኑ ነበር።

«አባባ፣ ይከልክሏቸው።»

«እኔ? ማን ሾመኝ?» አሉ ኪሬአታ። «ሚስቴን እንኳ ከልክዬ አላውቅ።»

«ውሃ የለም እዚያ። ይሞታሉ።»

«አውቃለሁ ልጄ።» መረቡን አስቀመጡ። «ግን ማን አስገደዳቸው? አንድ ሰው ገመድ አስሮ ቢወስዳቸው ገመዱን እንቆርጣለን። ይሄ ሰውዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ‘አድርጉ’ አላለም። ይለምናል። ነገም ይለምነናል። መንደር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ዘመድን እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም። መልሱን ደግሞ መጀመሪያ የሚሰጠው የተቀመጠበት ምሰሶ ነው፤ ያንተ ምሰሶ።»

አሬታኬ ከዚያ ወደ ኔይ በሬቲ ቤት ሄደ። ሁሉን ነገራት። አሮጊቷ ትንባሆዋን አላመጠች።

«ለመሆኑ» አለች፣ «ያን ሰውዬ ለምኖት የሚያውቅ አለ?»

«ምን አለውና? ምንም የለኝም ነው የሚለው ሁልጊዜ።»

«ልጄስ?» አለች። «ልጄ ማን ዘንድ ናት?»

በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ ማኔያባው ሞላ። ነፋስ የለም፤ የጣሪያው ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ባውሮ ጎንበስ ብሎ ገባና በአሬታኬ ምሰሶ ሥር፣ ከአሬታኬ ጎን ተቀመጠ። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። አድማጮቹ ከኋላቸው ተደረደሩ፤ ከስተዋል፤ ሕፃን የያዙም አሉ። ተካሪታ መሐል ላይ ነበረች። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ሆና ታያታለች፤ እሷ ግን ሰሌኑን ታያለች።

«ቡቡቲ» አለ ባውሮ። «ከዘመዶቼ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም። ጀልባውን ለምኛለሁ።»

ሁሉም ወደ አሬታኬ ዞረ። አሬታኬ ፊቱን ወደ ባውሮ መለሰ።

«ወንድሜ ባውሮ» አለ። «ልመናህን ሰምቻለሁ። ምሰሶው መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን እኔም ልመና አለኝ። እስከ ዛሬ ለምኜህ አላውቅም። ቡቡቲ።»

ባውሮ ፈገግ አለ። «ምን አለኝና ወንድሜ? ይሄው ሸሚዜ። ውሰደው።» ቁልፉን መፍታት ጀመረ፤ ሰዎች ሳቁ።

«ሸሚዝህ ይቅር፤ ይጠበኛል» አለ አሬታኬ፤ ሰዎቹ እንደገና ሳቁ። «እነዚህን ከኋላችን ያሉትን ሰዎች ሦስት ሌሊት አውሰኝ። እያንዳንዱ ወደ እናቱ ወይም ወደ እኅቱ ቤት ይሂድ፤ ማንም አይከተለው፤ ማንም አያስታውሰው። ይብላ። ፀሐይ ፊቱን እስክትመታው ይተኛ። በአራተኛው ቀን ‘ከባውሮ ጋር እሄዳለሁ’ ያለውን ሁሉ እኔ ራሴ ጀልባውን ነድቼ አደርስልሃለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«እነሱ የኔ አይደሉም ወንድሜ፤ እንዴት አውስሃለሁ?» አለ ባውሮ። «ነፃ ናቸው። ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

አሬታኬ ዞረ። «ሦስት ሌሊት እናታችሁ ቤት ትተኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም፣ ሕፃን የያዘችው ሴት ሳትቀር፣ በአንድ ጊዜ ቀና ብለው የባውሮን ፊት አዩ። ማኔያባው በሙሉ አያቸው።

«ኧረ ጉድ!» አሉ ኪሬአታ። «ጥያቄው ከዚህ፣ ዓይኑ ወደዚያ!»

«ሦስት ሌሊት ረጅም ነው» አለ ባውሮ። «ባሕሩ አይጠብቅም።»

«አንድ ሌሊት።»

«ወንድሜ...»

«ዛሬን ብቻ። አሁን ሄደው እስከ ማታ ይተኙ። ይህ ምን ይጎዳሃል?»

«አይሆንም አልሁ!» አለ ባውሮ።

ድምፁ ያ ለስላሳው አልነበረም። ከጣሪያው ሥር ተመትቶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ የሰማው ድምፁን ሳይሆን ቃሉን ነው። ዘመድ ለምኖት፣ ያውም እንቅልፍ ለምኖት፣ አይሆንም አለ። ከሴቶቹ በኩል ኔይ በሬቲ «ትንባሆዬን መልስ!» ብላ ጮኸች፤ የሳቀ ግን የለም።

ባውሮ ወዲያው ድምፁን አበረደ። ወደ አሬታኬ ጠጋ ብሎ ሌላው እንዳይሰማ፣ «በታንኳው ላይ የነገርኸኝን በመንደሩ ሁሉ ፊት እንድናገር ትፈልጋለህ?» አለው።

አሬታኬ ዙሪያውን አየ። እዚያ የሰሌን ቤት ውስጥ ጥቂቶች ናቸው የሰሙት፤ እነሱም ከሰው አይነጋገሩም። እዚህ ግን የሚያከብሩት ሽማግሌዎች አሉ፤ የሚፎክርባቸው አጥማጆች አሉ።

«ወንድሜ የሚላችሁን እኔ ልንገራችሁ» አለ ጮክ ብሎ። «ዛፍ እፈራለሁ። ኪያቶዋ ከወደቀ ጀምሮ። ዛሬ ጠዋትም ወጥቻለሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ፈርቻለሁ። የነገርሁት ምሥጢር ይህ ነው። ሌላ የለውም።»

አንድ አጥማጅ አንገቱን ደፋ። ኪሬአታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኔ ሻርክ እፈራለሁ» አሉ። «ስሙን የጠራሁት እንኳ ዛሬ ነው። በል ቀጥል።»

ባውሮ ያኔ የቀረውን አወጣ። በጉልበቱ ዞሮ የአሬታኬን ሁለት እጅ ያዘ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንደ መንጠቆው ቀን።

«ወንድሜ» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «በአያቶቻችን ደም ቡቡቲ እልሃለሁ። የተናገርኸውን ተው። ምሰሶህ ‘ይሰጠው’ ይበል። ለምኜሃለሁ።»

አሬታኬ አባቱ ታንኳቸውን በልመና ሲሰጡ አይቷል፤ እናቱ የሰርጓን ሰሌን ስትሰጥ አይቷል። እሱም በሕይወቱ ሙሉ፣ ለክፉም ለደግም፣ ለለመነው ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም። የሚወለዱለት ልጆች፣ ከዚያም የልጅ ልጆቹ፣ በዚህ ምሰሶ ሥር ሲቀመጡ «እምቢ ያለው ሰው ዘር» ሊባሉ ነው። የባውሮ እጅ ሙቅ ነበር። አሬታኬ እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀ።

«እምቢ» አለ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅስ ነበር።

«አልሰማሁም» አለ ባውሮ።

«እምቢ። ዘመዴ ነህ፤ ነገም ብትርበኝ... ብትራብ አበላሃለሁ» ብሎ ተንተባተበ። «ግን ጀልባ የለም። እምቢ።»

«እንግዲህ» አሉ ኪሬአታ፣ «ምሰሶው እምቢ ካለ መንደሩ ከምሰሶው አልፎ አይሰጥም።» ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ መሬቱን በመዳፋቸው መቱ። አለቀ።

ባውሮ ተነሣ። «የሚሰማ ይከተለኝ» አለ። ሲወጣ በዝቅተኛው የጣሪያ ጠርዝ ሥር እንደማንም ሰው ጎንበስ አለ። ጥቂቶች ተከተሉት። ጥቂቶች ተነሥተው ቆሙና ወዴት እንደሚሄዱ ጠፋቸው፤ እናቶቻቸውና እኅቶቻቸው ሄደው አጠገባቸው ቆሙ። በእግር እስከ ደቡቡ ጫፍ የሄዱትን በኋላ የውሃ ጥማት በጥቂት ቀን ውስጥ መለሳቸው፤ ባውሮም በመጣበት የጭነት ጀልባ ወደ ሌላ ደሴት ሄደ፤ ምናልባት እዚያም ዘመድ አለው።

በዚያች ሰዓት ግን ተካሪታ ከማኔያባው መሐል ተነሣች። ወደ ጠርዙ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ መሐል አዳራሹ ላይ ተቀመጠች። ያቺ አብራት የምትሆነው ሴት ከውጭ «ነይ እንጂ!» አለቻት። ኔይ በሬቲ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት አሬታኬ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት። እሱም ካለበት አልተነቃነቀም።

«ምን ላድርግ?» አለች ተካሪታ፤ ወደ ማንም ሳታይ።

አሬታኬ ምላሱ ጫፍ ላይ መልሱ ነበር። ወደ ቤትሽ ነይ። ቡቡቲ፣ በልጅነታችን፣ በጉድጓድሽ፣ ነይ። ቢላት እንደምትመጣ ያውቃል፤ ያስፈራውም ይኸው ነበር። በዚያ ሰዓት «ነይ» ያላትን ሁሉ ትከተላለች።

«እኔ አልነግርሽም» አላት።

«ሁሉም ሰው ይነግረኛል!» ብላ ጮኸች፤ ብዙ ጊዜ ያልጮኸ ድምፅ ስለሆነ ተሰነጠቀ። «ለምን አንተ አትነግረኝም?»

«ስለማላውቅ ነው። ሰሌኑ እዚህ ነው። ውሃ እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

አየችው። ከዚያ እንደ ተቆረጠ ግንድ በጎኗ ጋደም አለች፤ ሳትሸፈን፣ በቀን ብርሃን፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት ተኛች። ሰው ቀስ በቀስ እየወጣ ሄደ። አሬታኬ ቅጠል ይዞ ዝንቡን ሲከላከልላት ዋለ። ካረዌ የሚቆረጥበት ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ አንድ ቀን ያልተቆረጠ አበባ ይደርቃል፤ ይድረቅ አለ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ነቃች። ተቀምጣ ውሃ ጠጣች፤ ደግማ ጠጣች። ፊቷ ላይ የሰሌኑ ጥለት ታትሟል።

«እናቴ ዘንድ ነው የምሄደው» አለች። «ካንተ ጋር አልመጣም።»

«እሺ።»

«አሁን ማንም እንዲያመጣኝ፣ ማንም እንዲወስደኝ አልፈልግም። አንተም እንዳትከተለኝ። ዓሣም እንዳታመጣ።»

«እሺ» አለ።

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።»

ሌላ ቃል ይከተላል ብላ ትንሽ ቆየች፤ ጆሮዋን እንደቀሰረች ነበር። ምንም ሳይከተል ሲቀር ልብሷን አራግፋ ተነሣችና በጠርዙ ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች። አሬታኬ በሄደችበት በኩል ጀርባውን ሰጥቶ በምሰሶው ሥር ተቀመጠ፤ ዞር ብላ ብታይ የሚጠብቃት እንዳይመስላት።